ከለገሀር የሚነሣውን የድሮ ሐዲድ በኮምፒዩተር እንደገና ማንጠፍ



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከዚህ ከስታዲየም በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ብቻ ይርቃል። በአጠገባችን የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ የጀመረ ነው። የሰሜን ደቡቡም ሆነ የምሥራቅ ምዕራቡ ባቡር ከስታዲየም በለገሀር፣ በሜክሲኮና በተግባረ ዕድ አድርጎ እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ ይሄዳል። የሐዲዱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው። ከስታዲየም ቀጥሎ ባለው ፌርማታ ወርዶ ወደ አሮጌው የለገሀር ባቡር ጣቢያ የሚሻገር ሰው ደግሞ ሌላ ሐዲድ ይነሣበት የነበረውን ቦታ ያገኛል። የዚያኛው ስፋት 1000 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ መድረሻው ጅቡቲ ወደብ ነበር። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ሲመረቅ ከሰበታና ከፉሪ ለቡ እንዲነሣ ተደረገ እንጂ ወደ ለገሀር አልገባም። ስለዚህ አሮጌው መስመር ከአዲስ አበባ ሕይወት ወጥቷል። ዛሬ የምናገረው ያንን መስመር በባቡር ሲሙሌተር ውስጥ እንደገና ስለመሥራት ነው።

ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ስናገር «ዓ.ም.» እላለሁ። ይህን ለምን ማስታወቅ እንዳስፈለገ ወደኋላ ላይ ግልጽ ይሆናል።

ሲሙሌተሩን ለማታውቁት በአጭሩ ልግለጽ። ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠው ሰው የባቡር ነጂ ይሆናል። እንፋሎቱን ይለቃል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ምልክት ያነባል፣ በሰዓቱ ጣቢያ ለመድረስ ይጥራል። ማይክሮሶፍት በ2001 ያወጣው ትሬይን ሲሙሌተር ይህን ሥራ በዓለም ላይ አስፋፋ፤ የአውስትራሊያው ትሬይንዝም በዚያው ዘመን ወጣ። ከዚያ በኋላ በጎ ፈቃደኞች ኦፕን ሬይልስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ሠሩ፤ ለማይክሮሶፍቱ የተሠሩ መስመሮችን ያነብባል፣ ገንዘብም አይጠይቅም። የእነዚህ ፕሮግራሞች ትልቁ ነገር መስመሩን ተጠቃሚው ራሱ መሥራት መቻሉ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1966 የተዘጋው የሱመርሴትና ዶርሴት መስመር ሐዲዱ ተነቅሎ ሲያበቃ በኮምፒዩተር ላይ እንደገና ተነጥፏል፤ ያልተወለዱበትን ዘመን ባቡር ዛሬ ወጣቶች ይነዱታል። እኛስ?

የእኔ ሐሳብ አንድ ነው። መጽሐፍ ስለ አንድ የባቡር መስመር የተሳሳተ ነገር ሊጽፍና ሳይታወቅበት ሊኖር ይችላል። በሲሙሌተር የተሠራ መስመር ግን በየሜትሩ ይፈተናል። ዳገቱ ከተሳሳተ ባቡሩ ይቆማል፣ ኩርባው ከተሳሳተ ሐዲድ ይስታል፣ ጣቢያው ከቦታው ከተነሣ ሰዓቱ አይገጥምም። እያንዳንዱ ብልሽት ስለ አገራችን ታሪክ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ጥያቄውን በማስረጃ የምንመልሰው ከሆነ መስመሩ ታሪክ ይሆናል፤ በግምት የምንሸፍነው ከሆነ ግን ዓይን የሚማርክ ውሸት ይዘን እንቀራለን።

መጀመሪያ መወሰን ያለበት ዓመቱ ነው። «የድሮው ባቡር» ብሎ መነሣት አይበቃም፤ ድሮ ብዙ ነውና። ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር የታሰበው መስመር ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ከሜዳው ላይ በቀለች። መስመሩን የሚሠራው ኩባንያ ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ምኒልክም ፍጻሜውን ሳያዩ አረፉ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነበር። ይሁንና ዛሬ የምናውቀው ባለ ሰዓቱ የለገሀር ጣቢያ የተመረቀው በ1929 ማብቂያ ላይ ነው። በ1920 የሚነዳ መስመር ሠርቶ ያንን ሕንፃ ያቆመ ሰው ዘመን አፋልሷል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም በ1930 ቆመ፤ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ወደ ሮም ወሰዱት፤ የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። የ1955 መስመር አንበሳ ሊኖረው አይገባም። በጣቢያው ግንባር ላይ ጅቡቲን በአገርነት የሚጠራው ጽሑፍም ጅቡቲ በ1977 ነጻ ከመውጣቷ በፊት ቦታ የለውም፤ ከዚያ በፊት ኩባንያው የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ይባል ነበር።

እኔ የምመርጠው 1930ን ነው። ጣቢያው አዲስ ነው፣ አንበሳው ገና ተተክሏል፣ ባቡሩ ሁሉ በእንፋሎት ይሄዳል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሲነግሡ የእንግሊዙ የግሎስተር መስፍንና የፈረንሳዩ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ የመጡት በዚሁ መስመር ከባሕር ወለል እስከ 2300 ሜትር ከፍታ ወጥተው ነው። 1936ን የሚመርጥ ሰውም ምክንያት አለው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በባቡር ነውና። ሁለቱን ዓመት ግን በአንድ መስመር ላይ ማደባለቅ አይቻልም።

የዘመን አቆጣጠሩ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። አንድ ቤተሰብ «1923» ተብሎ በጀርባው የተጻፈበት የጣቢያ ፎቶ ቢያመጣና ሠሪው እንደ ፈረንጅ ቢያነበው፣ ከመሠራቱ ከስድስት ዓመት በፊት የቆመ ሕንፃ አገኘሁ ይላል። የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት በባቡር ታሪክ ውስጥ ትልቅ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የጉዞ ሰሌዳው 7 ሰዓት ሲል ለመንገደኛው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ሲሙሌተሩ ላይ ባቡሩ ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ከታየ ፍሬኑን ከመመርመራችሁ በፊት ሰዓቱ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ ጠይቁ።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ፤ ከባዱ ሥራ እርሱ ነውና።

መልክዓ ምድሩን በእጅ መቅረጽ አያስፈልግም። በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የለካችው የምድር ከፍታ በነጻ ይገኛል፤ በ30 ሜትር በ30 ሜትር እየተከፈለ ኢትዮጵያን ይሸፍናል። ጥሩ ስጦታ ነው፤ ግን ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛው፣ 30 ሜትር ለሐዲድ በጣም ሰፊ መሆኑ ነው። የባቡር መንገድ ሠራተኛ ጉብታውን ቆርጦ፣ ጎድጓዳውን በአፈር ሞልቶ ነው የሚያልፈው፤ ያ ቁርጥና ያ ሙሌት ግን ጥቂት ሜትር ብቻ ስፋት ስላለው ራዳሩ አያየውም። በዚያ ላይ የከፍታው ልኬት በሦስት ሜትር ያህል ቢዛነፍ፣ በ30 ሜትር ርቀት ላይ ከመቶ 10 የሆነ ዳገት ይፈጠራል። ለተራ ባቡር ከመቶ 2 ወይም 3 የሆነ ዳገት እንኳ ከባድ ነው። ስለዚህ ሐዲዱን መሬቱ ላይ ዝም ብሎ ያለበሰ ሰው ባቡሩ ከለገሀር ወጥቶ ገና ቃሊቲ ሳይደርስ ሲቆምበት ያያል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው፤ በመጀመሪያ የጣቢያዎቹን ከፍታ ከካርታ ማረጋገጥ፣ በመካከላቸው ለስላሳ ዳገትና ቁልቁለት መዘርጋት፣ ከዚያ መሬቱን ወደ ሐዲዱ ማምጣት። የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ያሳተማቸው ባለ 1:50,000 ሉሆች ለዚህ ሥራ ከሳተላይቱ ይልቅ ይታመናሉ፤ ሐዲዱ ራሱ ተሥሎባቸዋልና።

መስመሩ ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ድረስ በአንድ ወጥ ቁልቁለት የሚወርድ የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። አይደለም። ከአቃቂ፣ ከቢሾፍቱ፣ ከሞጆና ከአዳማ ወርዶ አዋሽ ላይ ከ1000 ሜትር በታች ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ሚኤሶ እንደገና ከ1300 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ነው በአፍደምና በኤረር አድርጎ ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው። ይህን ያላወቀ ሠሪ ከአዋሽ በኋላ የሚያገኘውን ዳገት የፕሮግራም ብልሽት አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል። እውነተኛውን አገር አጥፍቶ ማለት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ከሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። መተሐራ አጠገብ በሰቃ የሚባል ሐይቅ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ እየሰፋ ሄዶ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አለፈ፤ ከአካባቢው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። የአስፋልቱም የባቡሩም መንገድ በሐይቁ መካከል ከፍ ተደርገው እንደገና መሠራት ነበረባቸው። ራዳሯ መንኮራኩር በ2000 ስታልፍ የለካችው ይህን የሰፋውን ሐይቅ ነው። እንግዲህ የ1930ን ሐዲድ በድሮው ቦታና ከፍታ ስታነጥፉ ባቡራችሁ ውኃ ውስጥ ይገባል።

ያን ጊዜ ቀላሉ መንገድ ሐዲዱን ከውኃው በላይ ማንሣት ነው። ባቡሩ ያልፋል፣ ፕሮግራሙም ምንም ስሕተት አያመለክትም። ነገር ግን በ1930 ያልነበረ ሐይቅና ያልነበረ ድልድል ለልጆቻችን አስተማርን ማለት ነው። ትክክለኛው ሥራ ሐይቁን ወደ ድሮው መጠኑ መመለስ ነው። ለዚህ ማስረጃ አለ፤ ኮሮና የተባሉት የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ከ1960 እስከ 1972 ያነሷቸው ፎቶዎች በ1995 ለሕዝብ ክፍት ሆነዋል። ከእነርሱ ጋር የድሮ ካርታዎችን አስተያይቶ የሐይቁን ዳር መወሰን፣ መሬቱን በዚያ ልክ ዝቅ ማድረግ፣ ሐዲዱን በደረቅ ሜዳ ላይ ማሳለፍ ይቻላል። አድካሚ ነው፤ ከመስመሩ ሥራ ሁሉ ግን እኔን እጅግ የሚያስደስተኝ ክፍል ይህ ነው፤ ዛሬ በምድር ላይ የሌለ መልክዓ ምድር በማስረጃ ሲመለስ ማየት ነውና።

የአዋሽ ሸለቆም የራሱን ትኩረት ይፈልጋል። ገደሉ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ በ30 ሜትር ልኬት ላይ ለዝቦ እንደ ተራ ሸለቆ ይታያል። እውነተኛውን ገደል በእጅ መቅረጽ፣ ድልድዩንም ከፎቶ መሥራት ያስፈልጋል። በዚህ ቦታ ላይ ሌላም ነገር ማንሣት አለብኝ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ ኩርባውን በፍጥነት ሲዞር ሐዲድ ስቶ ወደ ገደሉ ገባ፤ ከ400 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ኩርባውን በትክክለኛው ቅርጹ እንሠራለን፣ የፍጥነት ገደቡን እናስቀምጣለን፣ በአጠገቡም የመታሰቢያ ጽሑፍ ማኖር ይቻላል። አደጋውን ግን ለጨዋታ የሚነዳ ጉዞ አድርጎ ማዘጋጀት ነውር ነው። የሟቾቹ ልጆች በመካከላችን አሉ። ማንም ይህን እንዲያደርግ አልመክርም፤ አድርጎ ያገኘሁትንም እንዲያነሣው እለምናለሁ።

ስለ ሐዲዱ ስፋት ባጭሩ። በብዙዎቹ ሲሙሌተሮች ውስጥ ተዘጋጅተው የሚገኙት የሐዲድ ቁርጥራጮች ባለ 1435 ናቸው፤ ኩርባቸውም ሰፊ ነው። ባለ አንድ ሜትሩ መስመር የተመረጠው ርካሽ ስለሆነና ተራራ ጥግ በጠባብ ኩርባ መዞር ስለሚችል ነው። በሰፊው ቁርጥራጭ የሠራ ሰው ሐዲዱ ኮረብታውን አልዞር ብሎት ኮረብታውን ይቆርጣል። ስለዚህ ለጠባብ ሐዲድ የተዘጋጀውን ስብስብ ፈልጎ ማግኘት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው የኤርትራ ባቡር ደግሞ 950 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱ መስመሮች ፎቶዎች እየተደባለቁ ሲሰራጩ አያለሁና ሎኮሞቲቭ ከመቅረጻችሁ በፊት ፎቶው የየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። አሮጌው ሐዲድ ያረፈው በብረት አግዳሚዎች ላይ እንደነበረም አትርሱ፤ እንጨት ምስጥ ይበላዋል።

ብልሽት ሲገጥም እንዴት እንደሚመረመር ወጣቶች አብዝተው ይጠይቁኛል። ስልቱ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ የሚከተለው ነው። ባቡሩ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ሐዲድ የሚስት ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው፤ ለዓይን የተጋጠሙ የሚመስሉ ሁለት ቁርጥራጮች በመዝገቡ ውስጥ አልተያያዙም ማለት ነው፤ አንሥቶ መልሶ መግጠም ይበቃል። በየቦታው የሚስት ከሆነ ጥፋቱ የባቡሩ ነው፤ ክብደቱ ወይም የፉርጎዎቹ ማያያዣ ይታይ። በአንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ የሚከሠት ከሆነ የዚያን ሎኮሞቲቭ ፋይል ክፈቱ። ቤት ወይም ዛፍ ከቦታው ከጠፋ ኦፕን ሬይልስ የሚጽፈውን የሎግ ፋይል አንብቡ፤ የጎደለውን ፋይል በስሙ ይነግራችኋል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ከመለወጣችሁ በፊት ቅጂ አስቀምጡ። የጣቢያ ስሞችን በፊደላችን ለመጻፍም አትፍሩ። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ የመስመሩ ጽሑፎች በዩኒኮድ እስከተቀመጡ ድረስ «አዋሽ»ም «መተሐራ»ም በራሳቸው ፊደል ይገባሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ግን ኮምፒዩተሩ ሊመልሰው የማይችለው ጥያቄ ነው። ከአዋሽ ወደ አዳማ በሚወጣው ዳገት ላይ ሎኮሞቲቩ አልስብ ቢል፣ ዳገቱ ተሳስቷል? የሎኮሞቲቩ ጉልበት አንሷል? ወይስ በእውነቱም ያን ያህል ፉርጎ አይስብም ነበር? በእንፋሎቱ ዘመን ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ነበር፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሠሪ ዝግታውን ጥፋት አድርጎ አይቆጥረውም፤ መስመሩንም በእነዚያው ሁለት ማደሪያዎች ላይ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። በ1930 የነዱት ዛሬ የሉም። ከእነርሱ በኋላ በናፍጣ ሎኮሞቲቭና ሊቶሪና በሚባለው ባለ ሞተር ፉርጎ የሠሩት ግን በድሬዳዋም በአዲስ አበባም በሕይወት አሉ። ሎኮሞቲቩ ተለወጠ እንጂ የነዱበት ዳገትና ኩርባ በአብዛኛው ያው ነው። ውኃ የት ይቀዳ እንደነበር፣ የት ላይ ፍሬን ቀድሞ መያዝ እንደሚገባ፣ በክረምት የትኛው ሙሌት ይናድ እንደነበር የሚያውቁ እነርሱ ናቸው። ይህ እውቀት በየትኛውም ሳተላይት ላይ የለም።

ጊዜውም ይሮጣል። የለገሀር አካባቢ መልሶ ማልማት በ2018 ይፋ ሲደረግ የጣቢያው ሕንፃ ተጠብቆ እንደሚቆይ ተነግሯል፤ ደስ ይላል። ጣቢያ ግን ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ሐዲድ መቀየሪያው፣ መጋዘኑ፣ የጥገናው ቤት፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ሁሉ ጣቢያ ነው። የካዛንቺስ ሰፈር በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጠች ነዋሪዎቿ የነበራችሁ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ያልተለካ ቦታ አንዴ ከተለወጠ በኋላ የሚለካው በትዝታ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። አባታችሁ ወይም አያታችሁ በምድር ባቡር ሠርተው ከሆነ ሣጥናቸውን ክፈቱ። ፎቶ ካለ በጀርባው የተጻፈውን ሳትፍቁ፣ የጉዞ ሰሌዳ፣ ቲኬት፣ የሥራ ደንብ መጽሐፍ፣ የደመወዝ ወረቀት ካለ ሳትጥሉ አምጡ፤ ቅጂ ተነሥቶ ዋናው ለባለቤቱ ይመለሳል። ጡረታ የወጣችሁ የባቡር ሠራተኞች፣ ከአንድ ወጣት አጠገብ ተቀምጣችሁ ስክሪኑን እያያችሁ «እዚህ ጋ ኩርባው ወደ ግራ ነው» በሉት። ወጣቶች ደግሞ ከ784 ኪሎ ሜትሩ አትጀምሩ። ከለገሀር እስከ አቃቂ ያለውን ሃያ ኪሎ ሜትር ግድም ውሰዱ፤ ካርታውን ይዛችሁ በእግር ሂዱበት፤ የቀረውን ለኩ፤ የጠፋውን ጠይቁ፤ የ1930ውን ባቡር በመጀመሪያ በዚያች ላይ አስኬዱ። ዛሬ ማታ ከመለያየታችን በፊት ፈቃደኞች ስማችሁን በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ ባለው መዝገብ ጻፉ፤ ፎቶ ያላችሁም እዚያው አስመዝግቡ።